ማሾ በስኳር

ሠላሳ ዓመት ያህል ኮልፌ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ልጄ «በቃ እማ፣ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። አርፎ መቀመጥን ለሁለት ወር ከልቤ ሞከርኩት። በሦስተኛው ወር የቤተ ክርስቲያናችንን የጸሎት ፕሮግራም ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ለሽማግሌዎቹ ስመልስላቸው ግን ልጄ ሐሳቧን ለወጠች። «ሥራ ልፈልግልሽ» አለች፤ ፈለገችልኝም። ስልክ ቁጥሬን ኢንተርኔት ላይ አወጣችውና በስተርጅና ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው ተማሪዬ ኢንዶኔዥያዊ ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ዲፕሎማት ነው፤ ሥራው በአገሩና በአገራችን መካከል ያለውን ንግድ መከታተል ነው። ቢሮው ድረስ መጥቼ እንዳስተምረው በትህትና ጠየቀኝ። ከአየር ጤና ታክሲ ተጋፍቶ ከተማ መግባትን ከሥራዬ ጋር አብሬ ስለተውኩት፣ መማር የፈለገ ቤቴል ድረስ ይምጣ አልኩ። መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የሲዲ ታርጋ የለጠፈች ነጭ መኪና በራችን ላይ ትቆማለች።

ያቺ ታርጋ በሰፈር ውስጥ ያመጣችልኝን ክብር ሠላሳ ዓመት ማስተማር አላመጣልኝም። «ቲቸር፣ እንደምን አደሩ» ብለው ያልፉኝ የነበሩ ሁሉ ቆም ማለት ጀመሩ። «ቪዛ የሚሰጠው እሱ ነው?» ይሉኛል። ከጸሎት ቡድናችን አንዷ እህት የልጇን ፓስፖርት ኮፒ በፖስታ አድርጋ አመጣችልኝ። «የት አገር ሊሄድ ነው?» ስላት፣ «ሰውየው የመጣበት» አለችኝ። «ኢንዶኔዥያ ነው እኮ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ከካናዳ ይርቃል?» አለች።

ተማሪዬ ጎበዝ ነበር። ችግሩ የእኔ ነው። እንግዳ ሰው፣ ያውም ዲፕሎማት በመሆኑ «እርስዎ» እያልኩ አስተማርኩት፤ እሱም እንደ ሰማው ያዘው። ሹፌሩን እርስዎ፣ ልጄን እርስዎ፣ በራችን ላይ ኳስ የሚጫወቱትን የአምስት ዓመት ልጆች ሳይቀር እርስዎ ይላል። «እባክዎ ኳስዎን ከመኪናው ሥር ያውጡ» ሲላቸው ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለላሉ፤ ከዚያ በኋላ ኳሱን ሆን ብለው መኪናው ሥር ያስገቡት ጀመር። «አንተ» የሚለውንም አስተማርኩት። ገባው፤ ግን አፉ እምቢ አለው። የጃቫ ሰው ነው፤ እዚያ ሰውን ቅር ከማሰኘት የከፋ ነውር እንደሌለ ነግሮኛል።

አንድ ቅዳሜ ግን ፈገግታው ቀዝቀዝ ብሎ መጣ። ከቦርሳው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ።

«መምህርት፣ 'እሺ' ማለት 'አዎ' ነው፤ አይደለም?»

«ነው» አልኩት። «አንዳንዴ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

ደብተሩን አሳየኝ። ከመጣ ጀምሮ በየቢሮውና በየነጋዴው ዘንድ የተባለውን እሺ ሁሉ ከነቀኑ ጽፎታል። ስብሰባ እንያዝ፤ እሺ። ናሙና ይላኩልን፤ እሺ። በሚቀጥለው ሳምንት እንፈራረም፤ እሺ፣ በጣም ጥሩ። ከዚህ ሁሉ እሺ አንዱም ፍሬ አላፈራም። ሰዎቹ ዋሽተውት እንደሆነ ሊጠይቀኝ ፈልጓል፤ ጥያቄው ራሱ ስድብ እንዳይሆን ፈርቶ በሰዋስው በኩል ዞሮ መጣ።

ሰሌዳዬን አነሣሁና የእሺን ዓይነቶች ጻፍኩለት። አጭሩ እሺ አለ፤ እሱ እውነተኛ እሺ ነው። የሚጎተተው እሺ አለ፤ እሱ «ባትጠይቀኝ ምን ነበረበት» ማለት ነው። «እሺ፣ እናያለን» አለ፤ ማንም የሚያይ የለም። «እሺ፣ ችግር የለም» አለ፤ ችግር አለ። እያንዳንዱን በጥንቃቄ ገለበጠ። በእሺ ላይ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀን። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሳቀ።

«እኛም እንዲሁ ነን» አለ። «በእኛ አገር 'አይ' ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ 'በሉም' እንላለን።»

«ምን ማለት ነው?»

«'ገና' ማለት። ሰባ ዓመት የሆናቸው አክስት አሉኝ፤ አላገቡም። 'አግብተዋል?' ሲባሉ 'በሉም' ይላሉ። ገና።»

ቃሉን በፊደላችን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና የእኔም ሳቅ መጣ። «ይሄ እኛ ጋ ምሳቸውን በልተው የጨረሱ ሰዎች ነው የሚመስለው» አልኩት። እሱም ሳቀ። ይህን ሳቅ በኋላ በዋጋው እንከፍለዋለን ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የሥራውን ጭንቅ የነገረኝም በዚያው ሰሞን ነው። አገሩ የምግብ ዘይትና ሳሙና ትሸጥልናለች፤ ከእኛ የምትገዛው ግን ከዚያ ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። አለቆቹ «ከኢትዮጵያ ምን እንግዛ?» እያሉ ይጠይቁታል። «ቡና ብዬ ነበር፤ ግን...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ቡና አለን።» ሰው ቤት ተጋብዞ «ወጡ ጨው አንሶታል» ያለ ይመስል አንገቱን ደፋ።

ከአጥራችን ወዲያ አንድ ሐጂ ይኖራሉ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው በጥራጥሬ ንግድ ራሳቸውን ያቆሙ፣ አጣና ተራ አካባቢ መጋዘን ያላቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እኩያዬና የአጥር ላይ ወሬ ጓደኛዬ ናት። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ፤ ሃያ ዓመት ስንጎራበት የተጣላነው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም አጥሩን ስላለበሰው ሐረግ ነበር፤ እኔ ይቆረጥ ስል እሷ አይነካም አለች። ለእሷ ጠዋት የነገርኳትን ሐጂ በምሳ ሰዓት ያውቁታል። በማግስቱ አጥሩ ጋ ቆመው ጠሩኝ።

«ቲቸር! የዚያ ልጅ አገር ሰዎች ማሾ ይበላሉ?»

ማሾ ያቺ ከአተር የምታንስ አረንጓዴ ጥራጥሬ ናት። ሐጂ ከሸዋ ሮቢት ወገን እያስመጡ ለላኪ ነጋዴዎች ሲሸጡ ኖረዋል። በቅርቡ ግን ራሳቸው የላኪነት ፈቃድ አውጥተው፣ ፈቃዱን በፍሬም አድርገው ሳሎን ከሰቀሉ በኋላ ገዢ እየፈለጉ ነበር። ተማሪዬን ጠየቅኩት። ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ማሾ! ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ሳይሄድ የበላው ማሾ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ እኔ ሳሎን ተገናኙ። የሁለት አገሮች ድርድር በሶፋዬ ላይ ሊካሄድ ነው ብዬ የሶፋውን ልብስ አጥቤ ነበር።

«ዘይታችሁን ስንት ዓመት በላንላችሁ» ብለው ጀመሩ ሐጂ። «አሁን ደግሞ እናንተ ማሾአችንን ብሉልን።»

«በጣም ትክክል ነው፣ ሐጂ። በየወሩ መላክ ይችላሉ?»

«እሺ፤ ኢንሻአላህ።»

«እኛም ዓመቱን ሙሉ እንገዛለን፤ ኢንሻአላህ።»

«ጥራቱም እንዳላችሁት ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።»

«ሰነዱንም ቶሎ እናዘጋጃለን፤ ኢንሻአላህ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተባባሉ። ተጨባበጡ፣ ተመራረቁ፣ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ሌላ ሩብ ሰዓት ሄደ። መኪናው ጋ ስሸኘው ተማሪዬ ጠጋ ብሎ «መምህርት፣ ተስማማን?» አለኝ። ወደ ግቢ ስመለስ ሐጂ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል። «ቲቸር፣ ተስማማን እንዴ?» አሉኝ። ለሁለቱም እውነቱን ነገርኳቸው፤ አላወቅኩም።

ወራት አለፉ። ሐጂ «ሰነዱን ይላክ እንጂ» እያሉ ይጠብቃሉ፤ ተማሪዬ «ናሙናውን ቢሰጡኝ» እያለ ይጠብቃል፤ ሁለቱም መጠየቅ ነውር ሆኖባቸው በእኔ በኩል ሰላምታ ይላላካሉ። እንደ እኔ ግምት የብዙ አገሮች ግንኙነት በዚህ ደረጃ ላይ ይገኛል።

በመሐሉ ተማሪዬ አንድ ነገር ሰማ፤ ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን የሸጡትን ማሾ አንድ ቀን እንኳ ቀምሰውት አያውቁም። ይህ ከንክኖት ከረመ። ትእዛዝ አንቀጽ በምንማርበት ቅዳሜ አንድ ኪሎ ማሾ፣ የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት፣ ዝንጅብልና ስኳር ይዞ መጣና ትምህርቱ ወጥ ቤት ውስጥ ይሁን አለኝ። ተፈቀደ። «ይቀቅሉ፣ ያማስሉ፣ ይጨምሩ» እያለ ራሱን በክብር እያዘዘ ሠራ። ድስቱ ሲዘገይበትም «እባክዎ ይፍሉ» አለው።

የወጣው ነገር ገንፎም ሾርባም ያልሆነ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ነው። በሳህን ይዘን ወደ ሐጂ ቤት ተሻገርን።

«ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ማሾ ነው፣ ሐጂ። በስኳር።»

«ማሾ በስኳር? አስተግፊሩላህ!» እጃቸውን ሰበሰቡ። «ነገ ደግሞ ሽሮ በማር ልትሉኝ ነው!»

ባለቤታቸው ግን አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ሁለተኛ ቀመሰች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና «ዝንጅብሉን መቼ ነው የምትጨምረው፣ ልጄ?» አለችው። በዚያው ዓመት ረመዳን ሲገባ ማፍጠሪያ ላይ ከቴምሩና ከሳምቡሳው ጎን አቀረበችው። ሐጂ ሦስት ቀን አለፉት። በአራተኛው ቀን ማንም የማያያቸው መስሏቸው በሉ። ሲነቃባቸው «ለጉሮሮ ጥሩ ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ አስተያየት አልሰጡም። ዒድ ካለፈ በኋላ ግን ናሙናውን በነጭ ከረጢት አድርገው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በእኔ በኩል ላኩ።

ናሙናው ባሕር ተሻግሮ መልስ መጣለት። ማሾ የምታስመጣ አንዲት ነጋዴ ከንግድ ልዑካን ጋር ራሷ ልትመጣ ነው ተባለ።

ልዑካኑ ሲመጡ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ስብሰባ ተዘጋጀ። ተማሪዬ ንግግሩን በአማርኛ ሊያደርግ ቆረጠ። ያረምኩለት እኔ ነኝ፤ ባላርመው ይሻል ነበር። «የሁለቱ አገሮች ንግድ ይሰፋል» የምትል ዓረፍተ ነገር አስገባሁለት። ይህችን ቃል አላልተው ካነበቧት መስፋፋት ናት፤ ካጠበቋት መርፌና ክር ነው። ሳሎኔ ውስጥ አሥር ጊዜ አስተካክሎ አነበባት። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ከድንጋጤ ብዛት ፊደል ሁሉ ጠበቀበትና፣ ንግዳችን እንደ ቀሚስ እንደሚሰፋ ለባለሥልጣናቱ አስታወቀ። አዳራሹ በአክብሮት አጨበጨበ። መልስ የሰጡት ኃላፊ ደግሞ የኢንዶኔዥያ ወገን ለልብስ ስፌት ላሳየው ልዩ ትኩረት አመስግነው ስለ ጨርቃ ጨርቅ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ «እሺ፣ በሰፊው እናየዋለን» አሉ። ያን ጊዜ ተማሪዬ ከመድረኩ ላይ በዐይኑ ፈለገኝና ጠቀሰኝ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ የገባን ሁለታችን ብቻ ነን።

የማሾ ገዢዋ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ነበሩ። ተማሪዬ አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል። «ሜዳን የምትባል ከተማ ሰው ናቸው» አለኝ። «የዚያ ከተማ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። እኛ የጃቫ ሰዎች እንፈራቸዋለን።»

በማግስቱ ሴትየዋ፣ ከልዑካኑ ሁለት ሰዎች፣ ተማሪዬና እኔ አጣና ተራ ሄድን። ሐጂ መጋዘኑን አስጠርገው፣ አዲስ ኮፍያ አድርገው በር ላይ ቆመዋል። ውስጥ ለቃሚ ሴቶች ተደርድረው በሰፌድ ማሾ ያበጥራሉ። ሐጂ ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ሴትየዋ ግን አልጠበቁም። ቀጥ ብለው ወደ ጆንያዎቹ ሄደው ጭብጥ ሙሉ አወጡ፤ አሸተቱ፤ አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ። ከዚያ ከመዳፋቸው የሆነች ነገር ለቅመው የሐጂ መዳፍ ላይ አኖሩና አንድ ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አሉ ሐጂ።

ተማሪዬን ላብ አጠመቀው። «ማሾው እጅግ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ምናልባት፣ አንዳንድ ጊዜ፣ በጥቂቱ...»

«ድንጋይ ነው ያሉት» አልኩ እኔ። ቋንቋቸውን ስለማውቅ አይደለም፤ ድንጋዩ ሐጂ መዳፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታየኛል።

ሐጂ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር በፊታቸው ተብሎ አያውቅም። ፊታቸው ቀላ። ሴትየዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሁለተኛው ጆንያ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ሁሉንም አይተው ጨርሰው፣ መንገዱም ተዘጋግቶ ሐጂ ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ምሳ የተቀጠረው ለስድስት ተኩል ነበር።

የሐጂ ባለቤት ከንጋት ጀምራ ስታበስል ውላለች። ሩዝ በበግ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ቆጮ፣ አይብ፤ ሽታው አጥር ተሻግሮ የእኔን ግቢ ሞልቶታል። ይህን ያህል ስለቆየን ከተማ በልተው ይሆን ብላ ስትሰጋ ነበርና፣ በሩ ላይ ተማሪዬን ጠጋ ብላ «እንግዶቹ ምሳ በሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ ከቢሮው ጋር በስልክ እያወራ ነው። ጭንቅላቱ በገዛ ቋንቋው ውስጥ ነበር፤ መልሱም ከዚያው መጣ።

«በሉም» አላት፤ በፈገግታ። ገና ናቸው ማለቱ ነው።

እኔ ሴትየዋን ከመኪና እያወረድኩ ስለነበር አልሰማሁም። የሐጂ ባለቤት የሰማችው ግን ግልጽ አማርኛ ነው። በሉም፤ ጠጡም። እንደ ወትሮዋ ቢሆን የጠገበን ሰውም ቢሆን ሳታጎርስ አትለቅም። ግን በዋዜማው እኔ፣ የውጭ ሰው አዋቂዋ፣ «በልቻለሁ ካሉሽ እንደኛ ሰው እያስጨነቅሽ እንዳታስቸግሪያቸው፤ ነውር ነው እነሱ ጋ» ብዬ መክሬያት ነበር። ምክሬን ሰማች። ድስቶቿን ከደነች፤ ሻይና ብስኩት ይዛ ብቅ አለች።

ድርድሩ ተጀመረ። ሐጂ እሺ ይላሉ፤ ተማሪዬ ይተረጉማል፤ ሴትየዋ የወጥ ቤቱን በር ያያሉ። ሁለቱ የልዑካኑ ሰዎች ብስኩቱን ጨርሰው ሳህኑን ማየት ጀመሩ። የእኔም ሆድ ይጮኻል፤ ምሳው ለምን እንደዘገየ ግራ ገብቶኛል፤ ሰው ቤት ተቀምጦ «ምግቡስ?» ማለት ደግሞ ከየት ይመጣል? ባለቤቲቱን በዐይኔ ብጠይቃት ፊቷን አዞረችብኝ። አስቀይሜያት ይሆናል ብዬ የሐረጉን ጉዳይ እንኳ አስታወስኩ። አንድ ሰዓት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ሴትየዋ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ሁለት ቃል ተናገሩ። ተማሪዬ ክው አለ።

«ምን አሉ?» አሉ ሐጂ።

«ቤታችሁ... ጥሩ ሽታ አለው አሉ።»

ሴትየዋ ትርጉሙ አላረካቸውም። ወደ ባለቤቲቱ ዞረው ሆዳቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ በጣታቸው ወጥ ቤቱን አመለከቱ።

«እንዴ!» ብላ ተነሣች የሐጂ ባለቤት። «በልተዋል አላልከኝም እንዴ አንተ ልጅ?»

«እኔ? መቼ?»

«በር ላይ! 'በሉም' አልከኝ!»

እኔና ተማሪዬ ተያየን። ከዚያ እኔ በሳቅ ፈነዳሁ፤ እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ነገሩን ለሐጂ ሳስረዳ፣ እሱ ለእንግዶቹ ሲያስረዳ፣ ሳቁ በሁለት ቋንቋ ሳሎኑን ዞረ። ሴትየዋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሐጂ ባለቤት ብቻ አልሳቀችም፤ ምግብ እያሞቀች ነበር።

ከምግቡ በኋላ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ሆነ። ሴትየዋ ክትፎውን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። እጃቸውን ሲታጠቡ ለተማሪዬ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም በረጅሙ ተነፈሰ።

«አታሳምር፤ እንደተናገርኩት ተርጉም አሉኝ» አለን። «ድንጋዩን የሚለቅመው ማን ነው? ይላሉ።»

«ለቃሚዎች አሉ» አሉ ሐጂ። «እሺ፣ ከእንግዲህ በጣም ጥሩ ይሆናል፤ ኢንሻ...»

«ለቃሚዎቹን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ይላሉ።»

ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። የሚቆጣጠር የለም።

«እኔ» አለች ባለቤታቸው ትሪውን እያነሣች።

«አንቺ?»

«እኔ። እስቲ እኔ ከለቀምኩት ሩዝ ድንጋይ ነክሰህ ታውቃለህ?»

ሐጂ አሰቡ። ፍርድ ቤት ቆሞ እንደሚመሰክር ሰው «አላውቅም» አሉ።

ይህ ሲተረጎምላቸው ሴትየዋ ወንበራቸውን ከሐጂ ወደ ባለቤታቸው አዞሩ። «በየወሩ ትልኩልኛላችሁ ወይ? ይላሉ።»

ሐጂ ለእሺ አፋቸውን ከፈቱ፤ ባለቤታቸው ቀደመቻቸው። «አይሆንም። ገበሬው ዘርቶ ሳያጭድ በየወሩ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ አንድ ኮንቴነር እንልካለን። ከወደዱት ስለ ሁለተኛው እናወራለን።»

ተማሪዬ «አይሆንም» ላይ ደርሶ ቆመ። ለስለስ ያለ ቃል ሲፈልግ በዐይኔ አየሁት፤ በሉም ሊል ነው። ሴትየዋ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። እንደተባለው ተናገረ። ሴትየዋ ቀና ብለው ባለቤቲቱን አዩዋትና እጃቸውን ዘረጉ። ስምምነቱ ያለቀው እዚያ ነው፤ ሐጂ ለመጨባበጥ ሁለተኛ ሆኑ።

ኮንቴነሩ እስኪሄድ የሐጂ ባለቤት ጠዋት ጠዋት መጋዘን ትውል ጀመር። ለቃሚዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ሰፌዱን ይዛ አብራቸው መሬት ላይ ስትቀመጥ ተዉት። ጭነቱ ሄደ፤ ወራት ቆይቶ ከሜዳን አንድ ፎቶግራፍ በስልክ መጣ። ነጭ ሳህን ላይ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች። ምንም ጽሑፍ የለውም።

«ሦስት? ከዚያ ሁሉ ጆንያ ሦስት?» አለች የሐጂ ባለቤት። «ራሷ ጨምራበት ነው!» ግን ስልኩን ለሰፈር ሰው ሁሉ ስታሳይ ሰነበተች። ቀጥሎ ሁለተኛው ኮንቴነር ታዘዘ።

የተማሪዬ የሥራ ዘመን አልቆ ወደ ሌላ፣ ብርዳማ አገር ሊዛወር የመጨረሻዋ ቅዳሜ መጣች። ያን ቀን ትምህርት አልነበረም፤ ዝም ብለን ተቀመጥን። አማርኛው እንደ ሰፈራችን ልጅ ሆኗል፤ «ጣጣ የለውም» ሁሉ ይላል።

«መምህርት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ሐጂ 'አንተ' ይሉኛል። ባለቤታቸው 'አንተ ልጅ' ይሉኛል። ኳስ የሚጫወቱት ልጆችም 'አንተ' ይሉኛል። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ዓመት 'እርስዎ' አሉኝ። ያጠፋሁት ነገር አለ?»

ደነገጥኩ። እኔ አከበርኩት ብዬ ነው፤ እሱ በር ላይ እንዳቆምኩት ሰው ሲሰማው ኖሯል። የሰዋስው ማብራሪያ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት።

«ሻንጣህን አዘጋጀህ?» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «አዘጋጀሁ» አለ።

«ለብርዱ ልብስ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ብላ፤ ሳትበላ አትሄድም።»

በእሱ ቦታ የመጣው ዲፕሎማት አማርኛ መማር አላስፈለገውም፤ ስልኩ ይተረጉምለታል አሉ። የሲዲ ታርጋዋ መኪና መምጣቷን ስታቆም የእኔም ክብር ወደ ቀድሞ ልኩ ተመለሰ። ማሾው ግን ይሄዳል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት።

ባለፈው ሰሞን ሐጂ ቤት ቁጭ ብለን ዜና ስናይ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት ሲፈራረሙ ታየ። ሐጂ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉ። ዜና አንባቢው ስለ ኢንቨስትመንት አነበበ፤ ስለ ቱሪዝም አነበበ፤ ስለ አየር በረራ አነበበ። ሐጂ ወደ ፊት እያዘነበሉ ሄዱ። በመጨረሻ «እንዲሁም በግብርና ምርቶች ንግድ» ብሎ ወደ ስፖርት ተሻገረ።

«ማሾ ቢል አፉን ይቆርጠው ነበር?» አሉ ሐጂ።

«ግብርና ምርቶች ያለው እኛን ነው» አለች ባለቤታቸው፣ ከሰፌዷ ላይ ቀና ሳትል። ከዚያ አንዲት ጠጠር አንሥታ በመስኮቱ ወረወረች።